ለአማኑኤል ገበያ የጻፍኩት ምሳሌ

የካቲት 24 ቀን 2002፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ አቶ ድረስ ቤቱ አስጠራኝ። ለምክር ቤት መወዳደር ከጀመረ ወዲህ ድምፁ ወፍሯል። የምርጫ ንግግሮቹን የምጽፍለት እኔ ነኝ። ይህን ከባለቤቴ ከወለተ ሚካኤል በቀር የሚያውቅ የለም፣ እንዲታወቅም አልፈልግም። መምህር ገለልተኛ መሆን አለበት ይላሉ። እኔም ገለልተኛ ነኝ፤ የምጽፈው አማርኛ ነው እንጂ ፖለቲካ አይደለም።

«ስለ ማዳበሪያ ስናገር ሰው ያዛጋል፣» አለኝ። «ስለ መንገድ ስናገር ይስቅብኛል። ጠበቃዋ ደግሞ ሴቶቹን ጠቅልላ ወሰደችብን።»

ጠበቃዋ የሚላት የሌላውን ወገን ተወዳዳሪ ወይዘሮ ያለምወርቅን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለድሆች በነፃ ጥብቅና በሚቆም ድርጅት ስትሠራ ኖራ ነው የመጣችው። ድርጅቱን ፈረንጆች ይረዱት ነበር አሉ። ድረስ ይህችን ይዟል። በውጭ አገር ወንድ ከወንድ እንደሚጋባ በሬዲዮ ሰምቶ ኖሮ፣ «የፈረንጅ ገንዘብ የበላች የፈረንጅ ሕግ ታመጣብናለች፣ በዚህ በኩል ጻፍልኝ፣» አለ።

«እሷ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራለች እንዴ?»

«አልፈልግም ብላስ ተናግራለች?»

ሳቅኩ። እንዲህ የሚመልስ ሰው ምክር ቤት ቢገባ ምን ይገርማል? ስወጣ ስለምመኘው የምክትል ርእሰ መምህርነት ቦታ «አልረሳሁትም» አለኝ። እኔም እጽፋለሁ አልኩት።

መጋቢት 12

የሚካኤል ማኅበር። አማኑኤል ከተማ ሄጄ መመለሴ ነው። የማኅበርተኝነቱን ቦታ ከአባቴ ነው የወረስኩት፤ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ እንኳ አልቀረሁበትም።

መሪጌታ ዘማርያም ከጎኔ ተቀመጠ። ዘማርያም ማለት ቅኔ ቤት አብሮኝ የተማረ፣ አብሮኝ ቁራሽ የለመነ፣ ክረምት ክረምት አንድ ደበሎ ለሁለት ለብሰን ያደርን ጓደኛዬ ነው። በሠርጌም አንደኛ ሚዜዬ ነበር። የባለቤቴ የወለቴ እናት እጁን ይዘው «ወንድም ሁናት፣ ቢበድላት ላንተ ትንገርህ» ብለው አደራ የሰጡት እሱን ነው። ወለቴ እስካሁን ስሙን አትጠራም፤ «ሚዜዬ» ነው የምትለው። እሱ ግን አላገባም። የአማኑኤል ልጆችን ዜማ እያስተማረ ደብሩ በሰጠው ቤት ይኖራል።

ብቻውን አልመጣም። እንዳላማው የሚባለው ልብስ ሰፊ አብሮት ነበር። ከደጀን የመጣ ሰው ነው፤ ቤት እስኪያገኝ ተብሎ ዘማርያም ጋ በደባልነት የገባ፣ ቤት ሳያገኝ ዓመታት ያለፉት። ይስቃል፤ የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ይስቃል። ዘማርያም የለበሰውን እጀ ጠባብ የሰፋለት እሱ ነው አሉ። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ወለቴ ስመለስ «ሚዜዬ ደኅና ነው?» አለችኝ። «ደኅና ነው። ወፍሯል፣» አልኳት። አልወፈረም።

መጋቢት 30

ትንሣኤ አለፈ፤ ሰው ጠግቧል፤ የምርጫውንም ወሬ ጠግቧል። ድረስ ቁይ ከተማ ላይ ተናግሮ አላማረለትም። ስለ ፈረንጅ ሕግ ሲነሳ ገበሬው «ፈረንጅ ምን ገዶን» ብሎ ወደ ከብቱ ዞረ።

«ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ፣» አለኝ ድረስ። «የሚያውቁትን አሳያቸው። አገር ቤት አምጣላቸው።»

ሚያዝያ 6

ጻፍኩት። አጭር ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «ጠበቃዋን ብትመርጡ ነገ እዚሁ ቀያችሁ መሪጌታው ልብስ ሰፊውን በተክሊል ያገባል። ቄሱም በግድ ያጋባል። ሁለቱም ጢማቸውን እያከኩ በአንድ ደበሎ ያድራሉ!»

ያስቃል። የሚያስቀው የተከበረ ሙያና የተናቀ ሙያ ስለተጣመረ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ስጽፈው ማንንም አላሰብኩም። በአገሩ ስንት መሪጌታ አለ፣ ስንት ልብስ ሰፊ አለ።

ድረስ ሁለቴ አስነበበኝና ጭኑን መታ።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

አማኑኤል ገበያ።

ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና ከኋላ ቆሜ ነበር። ድረስ ስለ መንገዱ ተናገረ፣ ሰው እህሉን ይሰፍራል። ስለ ማዳበሪያው ተናገረ፣ ይሰፍራል። ከዚያ ምሳሌውን አነሳ። ሳቁ ከፊት ተነሳና እስከ በሬ ተራው ደረሰ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ሰው ዘወር አለ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ገበያው በሙሉ ወደ አንድ በረንዳ ዞረ። በገበያው ብዙ ልብስ ሰፊ አለ፤ ከመሪጌታ ጋር የሚኖር ግን አንድ ነው። እንዳላማው የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ይሰፋ ነበር። ፀጥታው ነው መሰል ቀና ያደረገው። የሚያስቅ ነገር የተባለ መስሎት እሱም ፈገግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ እግሩ ከመርገጫው ላይ ቆመ።

አንዲት ሴት ተነስታ ለልጇ ቀሚስ የሰጠችውን ጨርቅ ከፊቱ ወሰደች። ገና አልተቆረጠም ነበር።

ሚያዝያ 10

ወለቴ ወሬውን ከቤተ ክርስቲያን ይዛ መጣች።

«ደበሎ ብሏል አሉ?»

«ማን?»

«ድረስ ነዋ። እኔ እኮ ስለ ደበሎ ሲያወራ የማውቀው አንተን ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ነው የምሰማት፣ ያቺን ደበሎ።»

«እሷን የጨመራት ራሱ ድረስ ነው፣» አልኳት። «እኔ ስለ መንገድ ነው የጻፍኩለት።»

ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ወለቴ ካልጮኸች እፈራለሁ።

ሚያዝያ 12

ማኅበር። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ዳቦ ሲታኘክ ይሰማል። ዘማርያም ከጎኔ ነበር። እንዳላማው አልመጣም።

የማኅበሩ ቄስ አባ ገብረ ኪዳን ጽዋው ከመነሳቱ በፊት እንደ ደንቡ «የተቀያየመ ካለ አሁን ይናገር፤ ቂም ይዞ የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጣ በነፍሱ ይፈረድበታል» አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔም። ከሳሽ ስላልተገኘ የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ለተረኛው ለዘማርያም ሰጡት። የግንቦቱ ማኅበር በሱ ቤት ነው ማለት ነው። በሁለት እጁ ተቀበለ። እንደ ወትሮው «እንመጣለን፣ ያድርሰን» ያለው ግን ማንም የለም። እኔ ልል ነበር፤ ጉሮሮዬን ስጠርግ ጊዜው አለፈ።

ቂም ይዤ አይደለም የጠጣሁት። በማን ላይ?

ሚያዝያ 18

ፈተና ማረም። ራስ ምታት። ተማሪዎች በመስኮት ሥር ያችኑ ምሳሌ በዜማ ሲያወርዷት ሰማሁ። ግጥም ሆናለች። ቤት ትመታለች።

ሚያዝያ 21

ከአማኑኤል የመጣ ሰው፦ የዘማርያም ተማሪዎች ሌላ የኔታ ፍለጋ ሄደዋል። ከማኅሌት ታግዷል። የእንዳላማውን የስፌት መኪና ሌሊት ሰባብረውታል። ማን እንደሰበረው አይታወቅም አሉ፤ ማለት ሁሉም ያውቃል።

ሚያዝያ 26

ለመምህራን ስብሰባ ደጀን ሄጄ ጠበቃዋ ስትናገር ደረስኩ። ስሟን ስላጠፋንባት «ይህ ውሸት ነው፣ ምስኪን ሰው አትንኩ» ትላለች ብዬ ነበር። ልቤ እንደዚያ እንድትል ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ እሷ ካለችው እኔ ማለት አይኖርብኝም።

«ወንድ ከወንድ እንዲጋባ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው!» አለች። «እኛ ከተመረጥን በሕገ መንግሥት እናስከለክላለን። ያ የአማኑኤሉ መሪጌታ የማን ወዳጅ እንደሆነ ጠይቁ!»

ጭብጨባው ከኛው በለጠ። ሰውየውን ሁለት ወገን ተካፈለው። ስለ ማዳበሪያ ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ማታ ድረስ ደወለ። «መምህር፣ ያ መሪጌታ ሚዜህ ነው አሉኝ?»

«የባለቤቴ ነው፣» አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት።

ግንቦት 3

ዘማርያም እስከ ትምህርት ቤቱ መጣ። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አየሁትና በሌላው በር ልወጣ አስቤ ነበር። አስቤ ብቻ ነው፤ ወደሱ ሄድኩ። ከስቷል። እጀ ጠባቧ ሰፍታዋለች።

ተማሪ በማያየን በኩል ይዤው ዞርኩ። እሱም የዞርኩበትን ምክንያት እያወቀ ተከተለኝ።

«ፍቅሬ፣ ላስቸግርህ ነው የመጣሁት፣» አለ፣ ፍቅረ ሥላሴን እንደ ድሮው አሳጥሮ። «የግንቦት ሚካኤል በኔ ቤት ነው። ጽዋዬን የሚጠጣ ከሌለ ከማኅበር ወጣሁ ማለት ነው። ከማኅበር ከወጣሁ ደብሩም ያሰናብተኛል፤ ቤቱም የደብሩ ነው። አንተ ከገባህ ሌላው ይከተልሃል። መምህር ነህ፣ ይሰሙሃል።»

«እንዳላማውስ?»

«ደጀን፣ ወንድሙ ጋ ገባ። በጭነት መኪና ነው የሸኘሁት።» ቀጥሎ «አንድ ነገር አልገባኝ አለ፣» አለኝ። «እንዳላማው ቅኔ ቤት አልገባም። ደበሎ ለብሶ አያውቅም።»

«ድረስ ከራሱ የጨመረው ይሆናል።»

«ድረስም ለብሶ አያውቅም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ የምለውም አይጠፋኝም። እሱ ግን መልስ እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሞ ያየኛል።

«እመጣለሁ፣» አልኩት። «ማርያምን እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ፣» አለና ጨብጦኝ ሄደ። እጁን ቶሎ ለቀቅኩት። ሰው እንዳያየን።

አሁን ሁሉም ተኝቷል፤ እኔ እየጻፍኩ ነው። ያ ክረምት ትዝ አለኝ። ዝናቡ በጎጆው ጣሪያ ሲገባ ዘማርያም ደበሎውን ወደኔ ስቦ ጀርባውን ለፍሳሹ ይሰጥ ነበር። ጠዋት ጀርባው ርሶ ይነሳል፤ ምንም አይልም። እኔም አመሰግናለሁ አላልኩትም። ልጆች ነበርን። ብርድ ነበር። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ግንቦት 12

አልገባሁም።

ከወለቴ ጋር በአውቶብስ ሄድን፤ ድፎ ዳቦ አቅፋለች። ነጭ ለብሳለች። ልክ ስንወርድ ድረስ ደወለ። «አማኑኤል ወርደሃል አሉኝ። እዚያ ቤት ከገባህ ጠበቃዋ ነገ ስምህን በሞንታርቦ ትጠራዋለች፤ ቀጥሎ የኔን። ምርጫው ደርሷል፣ መምህር። እኔ ምንም አላልኩም፤ አንተ ታውቃለህ።»

ወለቴን «ቅደሚ፣ የሞባይል ካርድ ገዝቼ እመጣለሁ» አልኳት። አየችኝ። ዳቦውን አስተካክላ አቀፈችና ሄደች።

ሱቁ ከዘማርያም በር ፊት ለፊት ነው። ካርዱን ገዛሁ። ለስላሳ አዘዝኩ። ዘማርያም በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶታል፤ ግቢውን ጠርጎ ቄጠማ ጎዝጉዟል። ከማኅበርተኞቹ ሁለት ሦስቱ እስከ በሩ ድረስ መጥተው ነበር። ቆሙ፤ ዞር ዞር ሲሉ እኔን ከሱቁ አዩኝ። የልብ ጓደኛው እንኳ ካልገባ ብለው መሆን አለበት፣ በመጡበት ተመለሱ። አንዱ በእጁ ሰላም ብሎኛል። እኔም መልሻለሁ።

አባ ገብረ ኪዳን ጥላቸውን ይዘው ደረሱ። «ፍቅረ ሥላሴ፣ እዚህ ምን ትጠብቃለህ?»

«አውቶብስ፣ አባ።»

«አውቶብሱ የሚቆመው በዚያ በኩል ነው፣ ልጄ፣» አሉና መንገዱን ተሻግረው ገቡ።

ለስላሳው እጄ ላይ ሞቀ። እነሆ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ስለ ጀግንነት ድርሰት አጽፋለሁ። ከመንገዱ ወዲያ ያለው በር ከሱቁ ደረጃ የሚርቀው ሃያ እርምጃ ያህል ቢሆን ነው።

ወለቴ ስትመጣ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ይዛለች። «ሦስት ሆነን ጠጣን፣» አለችኝ። «የሚቀጥለው ተረኛ አንተ ነህ። ስላልነበርክ እኔ ተቀበልኩልህ።» እስከ ማርቆስ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ግንቦት 16

አሸነፍን። ድረስ አቅፎ ሳመኝ። ቢራ። ወንድ ከወንድ ስለ መጋባት ያነሳ ሰው የለም፤ ማንም ትዝ አላለውም። ጠበቃዋም ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች አሉ።

ግንቦት 27

ምክትል ርእሰ መምህር ሆኛለሁ። ባልደረቦቼ «ይገባሃል» ይሉኛል። ወለቴ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ፤ ለጎረቤት እንደሚባለው።

ሰኔ 4

ደብሩ ዘማርያምን አሰናበተው። የሰበካ ጉባኤው «ለሰላም ሲባል» ብሏል። ቤቱን እስከ ወሩ አጋማሽ ይለቃል። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁ፤ ምን እንደምለው አጣሁና የተማሪ ወላጅ ጋ ደወልኩ።

ሰኔ 12

የኛ ተራ። ቤቴ።

ሁሉም መጡ። በአውቶብስ ተጭነው ከአማኑኤል መጡ፤ ግንቦት ላይ ከበር የተመለሱት ቀድመው ገቡ። ድረስ አንድ ሣጥን ቢራ ልኳል። «ምክትላችን» እያሉ ይጠሩኛል። ወለቴ ከጓዳ ወደ ሳሎን ትመላለሳለች፣ ፊቷ የረጋ ነው። እንዳለፈልኝ አስቤ ነበር።

አባ ጽዋውን ሊባርኩ ሲነሱ ዘማርያም ገባ። ጓዙን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ በሩ ጥግ አስቀመጠው። ማደሪያው ደጀን ይሆን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሲቀመጥ በግራም በቀኝም ቦታ ሰፋለት፤ በጠባቡ ቤቴ ውስጥ እሱ ብቻ ተዘርግቶ ተቀመጠ። የጠራችው ወለቴ እንደሆነች ያወቅኩት እግሩን ስታጥበው ነው።

«የተቀያየመ ካለ አሁን ይናገር፣» አሉ አባ።

እኔ ዘማርያምን እያየሁ ነበር። ይናገር ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እሱ አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ አለኝ፣ አባ፣» አለች ወለቴ። በጓዳው በር ቆማለች፤ እጇን በመቀነቷ ትጠርጋለች። «ከባለቤቴ ጋር።»

«የባልና ሚስቱን ለብቻ ብታደርጉት፣ ልጄ…»

«ሚዜዬ እዚህ አለ፣ አባ። እናቴ ‹ቢበድላት ላንተ ትንገርህ› ብላ ነው ለሱ አደራ የሰጠችኝ። ለማን ልናገር?»

ይህን የሚከለክል ሽማግሌ በቤቱ አልነበረም። ደንቡ ደንብ ነው። ወለቴ ወደ ዘማርያም ዞረችና ቆማ ተናገረች። «የገበያውን ነገር የጻፈው ድረስ አይደለም። ባሌ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፈው እያየሁት ነበር፤ እየሳቀ ነው የጻፈው። ስጠይቀው ካደኝ። ግንቦት ላይም ካርድ እገዛለሁ ብሎ ከደጅህ ቀረ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ገበያው ወደዚያ በረንዳ የዞረ ዕለት እንዴት እንደሚያም ያኔ አላወቅኩም ነበር።

«እውነት ነው፣» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። ገበያ ላይ ማለት ነበረብኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነበረብኝ፤ ቢያንስ በሱቁ ደረጃ ላይ ለእነዚያ ሰዎች ማለት ነበረብኝ። ሰውየው ጓዙን ቋጥሮ ከበሬ ጥግ ካስቀመጠ በኋላ ምን ሊጠቅመው?

ፍርዱ የሚዜው ነው። ዘማርያም ቀና ሲል እኔን አላየኝም፤ እሷን ነው ያየው።

«እኅቴ፣» አላት፣ «ስለ እኔ ብለሽ ተቀይመሽው ከሆነ እኔ ትቼዋለሁ። ተይለት። ስለ ራስሽ ከሆነ ግን እኔ ልፈርድ አልችልም።»

«ስለ ራሴ ነው፣» አለች።

ዘማርያም እንደገና አንገቱን ደፋ። አባ ገብረ ኪዳን ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ ጽዋውን ሳይባርኩ መልሰው ከደኑት። ማኅበርተኛው ሳይጠጣ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ዘማርያም ከረጢቱን አንስቶ ወለቴን ጉንጯን ስሞ ወጣ። ወደ በሩ ተከትዬው ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰው ስለነበረ ቆምኩ።

አሁን ወለቴ በጓዳው ውስጥ ለብቻዋ አንጥፋ ተኝታለች። መብራቷ ግን አልጠፋም። ስለ ራሴ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ፣ ያቺን ደበሎ ማለቷ ይሁን፣ አልጠየቅኋትም። ትመልስልኛለች ብዬ ፈራሁ።